ደም ቦታ አይናገርም

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የዚያን ዕለት ጠዋት ግን የጫማ ሰሪው ሚስት ጆሮ ባዳነቱን ረሳ። ፎጣ ልትጨምቅ የሆስፒታሉ መታጠቢያ ክፍል ገብታ ሳለ፣ ከስሱ ግድግዳ ማዶ ሁለት ሐኪሞች ቆመው ስለ ባሏ ሲነጋገሩ አንዲት ቃል ሳታመልጣት ሰማች። «የጥጉ ሰውዬ የደም ውጤታቸው ጥሩ አይደለም። ከትናንት ወዲያ ከፍ ያለው ቁጥር ትናንትም ጨምሯል፤ የአንጎሉ ጉዳት ከባድ ነው ማለት ነው። የታችኛዋን አልጋ በእሳቸው ከምናባክናት ተስፋ ላለው ሰው ብንሰጣት አይሻልም?» አለ አንደኛው። ሌላዋ በየጠዋቱ የምትጎበኛቸው ወጣት ሐኪም ነች፤ በድምፅዋ ለየቻት። «ከሰዓት በኋላ አንድ ጊዜ ልያቸውና እንወስናለን» አለችው። ከዚያ ኮቴያቸው ራቀ። ሚስትየው የጨመቀችውን ፎጣ መልሳ ውሃ ውስጥ ነከረችና እንደገና ጨመቀችው። ከምናባክናት! ወይ ጉድ! ዕድሜውን ሙሉ የመዳፍ ታህል ቁራጭ ቆዳ እንኳ ሳያባክን የኖረ ሰው፣ ዛሬ አልጋ የሚባክንበት ሰው ሆኖ አረፈው።

የታችኛዋ አልጋ ምን እንደሆነች እዚያ ፎቅ ላይ የተኛም ያስተኛም ሁሉ ያውቃል። ምድር ቤቱ ውስጥ፣ ስትሮክ ጥሎት እጅ እግሩ የተያዘና አንደበቱ የታሰረ ሰው እንደገና መቆም፣ ማንኪያ መጨበጥ፣ ቃል ማውጣት የሚለማመድበት ክፍል አለ። አልጋዎቹ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ አንዷ ዛሬ ትለቀቃለች። እዚያ የገባ ሰው በከዘራም ይሁን በሰው ትከሻ፣ ብቻ ቆሞ ነው የሚወጣው ይባላል። ያልገባ ወደ ቤቱ ይወሰድና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን መናገር ምን ያደርጋል። ባሏን ስትሮኩ የያዘው ቀኝ ጎኑን ነው፤ መዶሻ የሚያነሳበትን፣ ክር የሚጎትትበትን እጁን። ባለፈው ሳምንት ከሥራ በርጩማው ላይ ወደ ጎን ዘመም ብሎ ወደቀ፣ አፉ ተጣመመ፣ ከዚያ ወዲህ አንዲት ቃል ከአንደበቱ አልወጣችም። ዓይኑ ግን ያው የድሮው ዓይኑ ነው። ሾርባው ሲቀዘቅዝ ይቆጣበታል፣ ትራሱ ሲጣመም ይወቅስበታል፣ እሷ ስትገባ ደግሞ፣ አይ እሱ፣ ይስቅበታል።

ሰፈሩ «ጋሽ ልክ» ነው የሚለው። ደንበኛ አዲስ ጫማ አጥልቆ ገና ቀና ሳይል «ልክ ነው!» ብሎ ስለሚፈርድ ነው። ነገሩ እውነት ነው፣ ልክ ነው። «እኔ የሰፋሁት ጫማ ሰው መትቶ አያውቅም» ይላል፤ በደስታም በሐዘንም ቤት፣ ጠየቁትም አልጠየቁትም። ይቺ አባባል ለእሱ ሀብቱ ነች፤ ሌላ ሀብት የለውም። እንግዲህ በቅርቡ ሴት ልጁን ሲድር ለራሱ አንድ ጥቁር ጫማ ሰፋ። የራሱ ፎርማ፣ ማለትም ቆዳው የሚወጠርበት የእንጨት እግር፣ ተሰንጥቆበት ስለነበር ከሌላ ጫማ ሰሪ ተዋሰ። ጫማው እንዴት እንዳማረ! የሙሽራው አባት ዓይኑን ከሱ ላይ መንቀል አቅቶት እዚያው ድግሱ ላይ «ለእኔም እንደዚህ ያለ» ብሎ አዘዘ። ጋሽ ልክ ደረቱን ነፍቶ ሲጨፍር አመሸ። ቤት ገብቶ ሲያወልቀው ግን የቀኝ ተረከዙ ተልጦ ካልሲው ደም ነክቶታል።

እሷ ሳቀች፤ እሱ አልሳቀም። «የፎርማው ጥፋት ነው፣ ጫማው ምን አደረገ?» አላት። «ደግሞ ለሰው ትንፍሽ ብትዪ! ለልጅሽም ቢሆን። አማቿ ቢሰማ ምን ይለኛል? ማዪልኝ።» እሷም ለቀልድ፣ ሆዷን ይዛ እየሳቀች፣ «አንተ ትሙት፣ ትንፍሽ አልልም» ብላ ማለች። ሰው ሲምል ደግሞ ምን ብሎ ይምላል? የሚወደውን ጠርቶ ነው። ያን ጊዜ በሁለት እግሩ ቆሞ ይቆጣት የነበረ ሰው ሳምንቱ ሳይሞላ ይወድቃል ብሎ ማን አሰበ። ከወደቀ ወዲህ «አንተ ትሙት» ያለችው ቃል ሌት ተቀን ጆሮዋ ውስጥ ይጮኻል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይሉት ይሄን ነው።

ስለዚህ እግሩን ሰው ፊት አትገልጥም። ሆስፒታሉ ውስጥ በሽተኛውን የሚያጥበው፣ የሚያገላብጠው፣ አንሶላ የሚቀይርለት አስታማሚው ነው፤ በዚህ ደግሞ እሷን የሚያህል የለም። ነርሶቹ «እትዬ ጽዱ» የሚል ስም አውጥተውላታል። የሌላው አልጋ ጋ ሲደርሱ ብርድ ልብስ ገልጠው ጀርባና ተረከዝ ያያሉ፤ የጥጉ አልጋ ጋ ሲደርሱ ግን «እዚህማ እትዬ ጽዱ አሉ» ብለው ፈገግ ብለው ያልፋሉ። ሐኪሞቹ ከመምጣታቸው በፊት ገላውን ሙልጭ አድርጋ ታጥባለች፣ ፂሙን ትላጫለች፣ በመጨረሻ ተረከዙን ለብ ባለ ውሃ ጠርጋ ንፁህ ነጭ ካልሲ ታጠልቅለታለች። ያቺ ቁስል በመድረቅ ፈንታ እየረጠበች መምጣቷን አይታለች። ዛሬ ጠዋትማ ሽታም ነበራት። ግን ሰው ጭንቅላቱን ተመትቶ ተኝቶ ስለ ተረከዝ ማን ያወራል? እሱም እንደሆነ ያ ጎኑ አይሰማውም። «ትድናለች» ብላ ካልሲውን ወደ ላይ ሳብ አደረገችው።

ከመታጠቢያ ክፍሉ ስትመለስ ነርሷን የባሏን ሙቀት ስትለካ አገኘቻት። ልጅቷ ወሬ ትወዳለች፣ ጠይቀዋት ዝም አትልም። እትዬ ጽዱ ፎጣውን የአልጋው ብረት ላይ እያሰጣች፣ የሰማችውን እንዳልሰማች ሆና፣ «ልጄ፣ ለመሆኑ ደም እንዴት አድርጎ ነው የጭንቅላትን ነገር የሚያወራው?» አለቻት።

«አንጎል ሲጎዳ ሰውነት ይቆጣል እትዬ ጽዱ። ያ ቁጣ ደም ውስጥ ይታያል። ቁጥሩ ከፍ ሲል ጉዳቱም ከበድ ያለ ነው ብለው ይገምታሉ። ያው ግምት ነው፤ ብቻውን አይፈርድም። ሌላ ነገርም ደምን ያስቆጣዋላ! ለዚህ ነው ሳንባቸውንም ሽንታቸውንም ያስመረመሩት፤ ምንም አልተገኘም።»

«ሌላ ነገር ስትዪ?»

«የትም ያለ መግል፣ የትም ያለ ቁስል። ደም ቦታ አይናገርም እኮ። ተቃጠልኩ፣ ተቃጠልኩ ብቻ ነው የሚለው።» ነርሷ ይቺን ብላ ሙቀት መለኪያዋን አራግፋ ወደ ቀጣዩ አልጋ አለፈች።

እትዬ ጽዱ ክው ብላ ቀረች። ወደ ነጩ ካልሲ አየች፣ ወደ ባሏ ዓይን አየች። እሱ ሳቀላት። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ነርሷን ልትጠራ አፏን ከፈተች፤ «ልጄ» የምትለዋ ቃል ጥርሷ ላይ ደርሳ «አንተ ትሙት» የምትለዋ መጣችና ገፍታ መለሰቻት። ሞኝነት ነው፣ ታውቃለች። ግን ሞትና ሕይወት መሃል የተንጠለጠለ ባል ያላት ሴት ከመሐላ ጋር አትቀልድም። ከስትሮክ የተረፈላትን ሰውዬ በገዛ ምላሷ ልትጨርሰው ነው?

እኩለ ቀን ላይ ልጃቸው መጣች። ገና የሙሽራ ጠረኗ ያልለቀቃት፣ ከቢሮ ለምሳ ሰዓት ብላ የወጣች። አባቷን ግንባሩን ሳመችው፣ ብርቱካን ላጠች፣ ለሦስት ከፈለች፤ የእሱን ድርሻ ጨምቃ በማንኪያ ሰጠችው። እናትና ልጅ ከአልጋው ግራና ቀኝ ተቀምጠው ብዙ አላወሩም። ልጅቷ የማትጠይቀው መልሱን ስለምትፈራ ነው። እናትየዋ የማትናገረው ደግሞ ታውቁታላችሁ። ብርቱካኑ አልቆ ልጣጩን በወረቀት ስትጠቀልል ልጅቷ «አማቴ ሰላም ብለውሃል አባዬ። ስለ ጫማው አይቸኩል፣ እሱ ይዳን እንጂ እኔ እጠብቃለሁ ብለዋል» አለች። የጋሽ ልክ ግማሽ ፊት በኩራት በራ። ግራ እጁን ከፍ አድርጎ አውራ ጣቱን ቀሰረ። እናትየዋ ይሄን ስታይ ከተቀመጠችበት ተነሳችና፣ «አንሶላ ላምጣ፣ አንቺ እዚሁ ሁኚልኝ፣ ዛሬ ሥራው ይቅር» ብላ ወጣች።

ቤታቸው መንገድ ዳር ነው። የፊተኛው ክፍል ሱቁ፣ ከመጋረጃው ኋላ ያለው መኖሪያቸው። በሩን ስትከፍት የማስቲሽና የቆዳ ሽታ ተቀበላት፤ ዕድሜ ልኳን ራሷን ያዞራት የነበረ ሽታ ዛሬ ናፍቋት ቆማ ማገችው። መዶሻው የወደቀበት ቦታ ላይ እንዳለ ነው፤ ያን ቀን ሁሉም ሰውዬውን ሲያነሳ መዶሻውን ያነሳ አልነበረም። አንስታ እንደ ልማዱ ከበርጩማው በስተቀኝ አስቀመጠችው። ጥቂት ቆማ አሰበችና ወደ ግራ አዞረችው። ደግሞ ተናደደችና ወደ ቀኝ መለሰችው። የተዋሰው ፎርማ መደርደሪያው ላይ ተኮፍሶ ተቀምጧል። የሰርጉ ጫማ ደግሞ ከጠረጴዛው ሥር፣ በጋዜጣ ተሸፍኖ፣ ወንጀለኛ ይመስል ተደብቋል። ቀኙን አወጣችና እጇን ከተተች። የተረከዙ ገበር ደም ደርቆበት ሻክሯል። «አንተ ነህ ቤቴን ልታፈርስ የመጣኸው» አለችው ጫማውን፤ ከዚያ፣ ምን ቢሆን የእሱ የእጅ ሥራ ነውና፣ አቧራውን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችለት።

በሩ ክፍት መሆኑን ያየ ፖስተኛ አንገቱን ብቅ አደረገ። «እትዬ! ጋሽ ልክ እንዴት ናቸው? ተሻላቸው?»

«ደህና ነው፣ ተመስገን።»

«ይንገሩልኝ እባክዎ። ይኸው ዛሬም በሳቸው ጫማ ከተማውን ስዞር ዋልኩ። አንድ ቀን መትቶኝ አያውቅም! እግሬን ያቆሙት እሳቸው ናቸው» አለና የቆሸሸ ጫማውን አንስቶ አሳያት።

«እነግረዋለሁ» አለች፣ ገዳዩን ጫማ ከኋላዋ ደብቃ።

በአውቶቡሱ ውስጥ አንሶላውን ጉልበቷ ላይ አቅፋ መስኮት ዳር ተቀመጠች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውን ተረት ስንቱን ጎረቤት እንደመከረችበት ትዝ አላት። ለሰው ሲሆንማ ምክር ሞልቷል! ብትናገር፣ መሐላዋን በላች፤ ባሏን ሰው ፊት አዋረደች፤ ምናልባትም፣ አፏን ቁርጥ ያድርገውና፣ ገደለችው። ባትናገር፣ አልጋዋ ዛሬ ለሌላ ሰው ትሰጣለች፤ ቁስሉም ዝም ብሎ አይቀመጥም። ሁለቱንም እያገላበጠች፣ የማለችውንም ቃል በቃል እያስታወሰች፣ አውቶቡሱ የሆስፒታሉን በር አልፎ እንደቆመ ያወቀችው ገንዘብ ተቀባዩ «እናቴ፣ አይወርዱም?» ሲላት ነው። ወረደችና ወደ ኋላ ተመልሳ በፍጥነት ተራመደች። ፊቷ ላይ እርጋታ ነበር፤ አንድ ነገር የቆረጠ ሰው እርጋታ።

ክፍሉ ስትደርስ ሁለቱ ሐኪሞች መጥተዋል። ልጅቷ አልጋው ራስጌ እጇን አጣምራ ቆማለች። ወጣቷ ሐኪም ጎንበስ ብላ፣ «ጋሼ፣ እጄን ጨበጥ ያድርጉት» ትላለች። ግራው ጨበጠ። ቀኙ እንደተዘረጋ ቀረ። «በርቱ፣ እስቲ አንድ ቃል፣ የፈለጉትን ይበሉኝ።» ጋሽ ልክ ከንፈሩን አላወሰ፣ ትንፋሽ ብቻ ወጣ፣ አፈረና ዓይኑን ጨፈነ። ሐኪሟ ቀና ብላ ጓደኛዋን አየችው። እሱም ያን ጠዋት የተናገረውን በዓይኑ ደገመው። ክፉ ልጅ ሆኖ አይደለም፤ አንድ አልጋ ለብዙ ሰው አልበቃው ብሎ ነው። «እናቴ» አለች ሐኪሟ ወደ እሷ ዞራ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ትንሽ ብናወራ…»

እትዬ ጽዱ አንሶላውን ወንበሩ ላይ አኖረች። ትንፍሽ አልልም ነው ያለችው። ካልሲ አላወልቅም አላለችም። ወደ ግርጌ ሄደች፣ ብርድ ልብሱን ገለጠች፣ ነጩን ካልሲ ይዛ ቀስ ብላ ሳበችው፣ የባሏን ተረከዝ በመዳፏ ደግፋ ከፍ አደረገችው። ሽታው ከማንም በፊት ተናገረ። ሐኪሟ «ውይ!» ብላ ተጠጋች። ተረከዙ ጠቁሮ ዙሪያውን ቀልቷል፤ ቅላቱም ቁርጭምጭሚቱን አልፎ ሽቅብ ሄዷል።

«ይሄ ከመቼ ወዲህ ነው? ምን ሆነው ነው እናቴ?»

እትዬ ጽዱ ዝም። ከንፈሯን ገጠመች፣ አልበቃ ብሏት ደግሞ በእጇ ከደነችው። «እማዬ!» አለች ልጅቷ፣ እንባ እየተናነቃት፣ «አትናገሪም እንዴ? ምን ሆኖ ነው?» ዝም። እንባዋ በጣቶቿ መሃል ይፈሳል እንጂ ቃል አይወጣትም። ባሏን ትኩር ብላ አየችው። ጋሽ ልክ ዓይኑን ከፍቶ ነበር። የተገለጠ እግሩን አየ፣ ሐኪሞቹን አየ፣ ሚስቱን አየ፤ ዓይኑ እንደዚያ ሲቆጣ አይታው አታውቅም። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ። ልጅቷ ጎንበስ ብላ ቁስሉን መረመረችና ፊቷ ተለወጠ። «ይሄማ ጫማ የመታው ነው» አለች ቀስ ብላ። «አባዬ! የሰርጌ ጫማ ነው እንዴ?»

«ፎ…» አለ ከትራሱ በኩል አንድ የሻከረ ድምፅ።

ሁሉም ዞሩ። የጋሽ ልክ አንገት ሥር ተገታትሯል፣ የተጣመመ አፉ ይታገላል፣ ግራ እጁ ፍራሹን ጨምድዶታል።

«ፎር… ማው!»

«ምን አሉ?» አለ ሐኪሙ።

«ፎርማው… ነው!» አለና ፍራሹን በጡጫ መታው። ይሄኛውንማ ኮሪደር ላይ ያለችው ነርስ ሳትቀር ሰምታ እየሮጠች ገባች።

ሐኪሟ ስለ ፎርማ የምታውቀው አንዳች ነገር የለም። ቃል መሆኑን ግን ታውቃለች፤ በቦታው የገባ፣ የሚከራከር ቃል። እየሳቀች የጋሽ ልክን ግራ እጅ ያዘች። «ደሙ ስለ ሁለት ቦታ ሲነግረን እኛ ስለ አንዱ ብቻ ሰምተነዋል» አለች ለጓደኛዋ። «ካልሲውን ማውለቅ የእኔ ሥራ ነበር።» ጓደኛዋም ወደ ተረከዙ ጎንበስ ብሎ፣ ጆሮው ቀልቶ፣ «የሁላችንም» አለ። ከዚያ ለእናትና ለልጅ እውነቱን ሳትሸፍን ነገረቻቸው፤ የአንጎሉ ጉዳት ቀላል ነው ማለቷ አይደለም፣ እጁ ምን ያህል እንደሚመለስ ማንም አያውቅም፣ ቁስሉም ሳይቆይ መጠረግና በመድኃኒት መታከም አለበት፣ ደሙም ከዚያ በኋላ እንደገና ይታያል። «አልጋዋ ግን የሳቸው ነች። ቁስላቸውን እያከምን ታች ይወርዳሉ። በፎርማ ምክንያት እንዲህ የተናገረ ሰው፣ ሌላውንም ሳይናገር አይቀርም።»

ሐኪሞቹ ሲወጡ ነርሷ የቁስል መጥረጊያ ልታመጣ ተከተለቻቸው። ልጅቷ መሳቅና ማልቀስ ተደባልቆባት የአባቷን ትከሻ አቅፋ፣ «ለአማቴ በሌላ ፎርማ ትሰፋላቸዋለህ፣ አልናገርም፣ ልሙት አልናገርም» ትላለች። «ኧረ አትማዪ!» ብላ ጮኸች እናትየዋ፤ ካልሲውን ካወለቀች ወዲህ ያወጣችው የመጀመሪያ ቃል ነው። ጋሽ ልክ አልሳቀም። ዓይኑን ሚስቱ ላይ ተክሎ ይጠብቃል፤ ቁጣው ገና አልበረደም፣ ፍርድ ይፈልጋል። እሷ ቀረብ አለች፣ የተጣመመ ትራሱን አቃናች፣ ከአገጩ ላይ ምራቁን በመዳፏ ጠረገች።

«ልክ ነው» አለችው። «ፎርማው ነው። ጫማው ነው ያለ ማን አለ?»